በድሬዳዋ ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ

የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ጤንነትን ለመጠበቅ፣ ጉልበትን ለመጨመር ወይም ክብደትን ለመቀነስ ታስቦ የሚደረግ የሰውነት ሥራ ነው። በእግር መሄድ፣ ሩጫ፣ ኳስ ጨዋታ፣ ገመድ ዝላይ፣ ጭፈራ፣ ክብደት ማንሳትና የመሳሰሉት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። ሰዎች ላለመንቀሳቀሳቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች የጊዜ ማጠርና የገንዘብ ማጠር ናቸው። በድሬዳዋ ደግሞ ሦስተኛ ይጨመርባቸዋል፤ እርሱም ሙቀት ነው። ይህ መጣጥፍ በድሬዳዋ ከተማ ሥራ የበዛበት ሰው በአነስተኛ ወጪና በሚወደው መንገድ እንዴት ሊንቀሳቀስ እንደሚችል፣ ከዚያም ምን ያህል የክብደት ለውጥ መጠበቅ እንዳለበት ያስረዳል።

በኢትዮጵያ ረሃብና መቀንጨር ዋነኛ የምግብ ችግሮች ስለነበሩ ውፍረት እንደ ጤና ጉዳይ መታየት የጀመረው በቅርቡ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል 8 በመቶ ያህሉ ከተገቢው ክብደት በላይ መሆናቸውን አሳይቷል። በገጠር ቁጥሩ 4 በመቶ ሲሆን በከተማ ግን 21 በመቶ ነበር። ማለትም ከአምስት የከተማ ሴቶች አንዷ ናት። ይሁንና ዛሬም ከርሞ የመጣን ዘመድ «ተመችቶሃል» ወይም «አምሮብሻል» ብሎ መቀበል የተለመደ ነው፤ ወፍራም መሆን የድሎት ምልክት ሆኖ ኖሯልና። ክብደት ለመቀነስ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «ምን ሆነህ ከሳህ?» የሚለው መሆኑም ከዚሁ የመጣ ነው።

የከተማዋ አቀማመጥና የቀኑ አከፋፈል

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ሲደርስባት ነው። ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከአጎራባቿ ከሐረር ይልቅ ሞቃት ናት። በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ግንቦትና ሰኔ ይከፋሉ፣ ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ።

ከተማዋን ደቻቱ የተባለው አሸዋማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል ለባቡሩ ሥራ በፕላን የተሠራችው ከዚራ አለች፤ መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፣ ሰፋ ያሉና የዛፍ ጥላ ያላቸው ናቸው። በሌላ በኩል ጠባብ መተላለፊያዎች ያሏትና የቀፊራ ገበያ የሚገኝባት መጋላ አለች። መሐል ከተማው ሜዳ ስለሆነ ለእግረኛ አይከብድም። እንዲያም ሆኖ በባጃጅ ብዛት የታወቀች ከተማ በመሆኗ በእግር ሩብ ሰዓት የማይፈጀውን መንገድ እንኳ በባጃጅ መሄድ ልማድ ሆኗል።

የቀኑም አከፋፈል ከደጋ ከተሞች ይለያል። ሥራ በማለዳ ይጀመራል፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ሰው ወደ ቤቱ ወይም ወደ በርጫ ይገባል፤ ፀሐይዋ ስትበርድ ከተማዋ እንደገና ትነቃለች። እንቅስቃሴ ለማድረግ ለሚፈልግ ሰው ይህ አከፋፈል ጉዳትም ጥቅምም አለው። ጉዳቱ በመካከሉ ያሉት ሰዓታት በመቀመጥ ማለቃቸው ነው። ጥቅሙ ደግሞ ከተማው ራሱ ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ እንዲሁም ከማታ በፊት ከ11 ሰዓት በኋላ ለእግረኛ የተመቸ መሆኑ ነው። ፀሐይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጥቂት ቆይታ ስለምትወጣ በማለዳው ብርሃንም ቅዝቃዜም አብረው ይገኛሉ።

እንቅስቃሴ ምን ያህል ክብደት ይቀንሳል?

ይህ ጥያቄ በቅድሚያ መመለስ አለበት፤ ብዙ ሰው እንቅስቃሴ የሚያቋርጠው የማይደርስበትን ውጤት ጠብቆ ነውና።

75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ቢራመድ 160 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ነገር ግን ያንን ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ቢያሳልፈውም ከ40 እስከ 50 የሚሆን ካሎሪ ማቃጠሉ አይቀርም ነበር። ስለዚህ የእርምጃው እውነተኛ ትርፍ ከ110 እስከ 120 ካሎሪ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ቢራመድ 575 ካሎሪ ያህል ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ ምግቡን ሳይነካ በእርምጃ ብቻ አንድ ኪሎ ለመቀነስ 13 ሳምንት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

አሁን ይኸው ሰው በየቀኑ የሚጠጣውን አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢተው እንይ። ባለ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 32 ግራም ገደማ ስኳርና 126 ያህል ካሎሪ አለው። በሳምንት 880 ካሎሪ መሆኑ ነው፤ ይህም ከአምስቱ ቀን እርምጃ ይበልጣል። ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ኪሎው በአምስት ሳምንት ከግማሽ ገደማ ይሄዳል። ስሌቱ ለመነሻ ያህል እንጂ ለረጅም ጊዜ እንዳለ አይሠራም፤ ሰው ክብደቱ በቀነሰ ቁጥር ሰውነቱ የሚያቃጥለውም ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይጨምራል።

ሰውነት ለእንቅስቃሴ የሚያወጣውን ጉልበት ከሌላ ቦታ ቆጥቦ እንደሚያካክስም ታይቷል። በዚህ ረገድ በብዛት የሚጠቀሰው በታንዛኒያ በሚኖሩት የሐድዛ ሕዝብ ላይ ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት ነው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሐድዛዎች በአደንና በፍራፍሬ ለቀማ የሚተዳደሩ፣ በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር የሚጓዙ ሰዎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ በቀን የሚያቃጥሉትን ጠቅላላ ካሎሪ ለክተው፣ የሰውነታቸውን መጠን ግምት ውስጥ ሲያስገቡ ከምዕራባውያን ከተሜዎች ብዙም እንደማይለይ አገኙ።

ታዲያ እንቅስቃሴ ለምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ የተቀነሰው ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣ ይረዳል። ሁለተኛ፣ ክብደት ምግብ በመቀነስ ብቻ ሲወርድ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል፤ በተለይ ክብደት የማንሳት ሥራ ይህን ይከላከላል። ሦስተኛው ጥቅም ከሚዛኑ ጋር የማይገናኝ ነው፤ የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርን፣ እንቅልፍንና ስሜትን ያሻሽላል። በአሜሪካ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት የደም ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ ከ3,000 በላይ ሰዎችን አካትቶ ነበር። ከእነዚህ መካከል አንዱ ቡድን ክብደቱን በ7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። በዚህ ቡድን ውስጥ በስኳር በሽታ የሚያዙት ሰዎች የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በ58 በመቶ አነሱ። ሰባት በመቶ ለ80 ኪሎ ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በዓይን እምብዛም የማይታይ፣ ጎረቤትም የማያስተውለው ለውጥ መሆኑ ነው።

ጊዜን ስለማግኘት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲኖር ይላል። መካከለኛ የሚባለው እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ማውራትም የሚያስቸግር ከሆነ ጠንከር ያለ ነው።

ሥራ ለበዛበት ሰው ከመመሪያው ውስጥ የሚጠቅመው ነገር የተሰረዘው ነው። የ2010ሩ መመሪያ እንቅስቃሴው እንዲቆጠር በአንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት ይል ነበር። በ2020 ይህ ቀረ። የአምስት ደቂቃ እርምጃ፣ ደረጃ መውጣት፣ ዕቃ ተሸክሞ ከገበያ መመለስ ሁሉም ይቆጠራል። ስለዚህ «አንድ ሰዓት ነጻ ጊዜ ሳገኝ እጀምራለሁ» የሚለው አነጋገር የቆመበት መሠረት ራሱ የለም።

በድሬዳዋ ከሁሉ ቀላሉ የጊዜ ምንጭ የባጃጅ መንገድ ነው። ወደ ሥራ ሲሄድ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ሲቀረው ከባጃጅ የሚወርድ፣ ሲመለስም ያንኑ ያህል ተራምዶ የሚሳፈር ሰው በቀን ሦስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ፈጠን ላለ ተራማጅ ይህ 32 ደቂቃ ገደማ ነው። በአምስት የሥራ ቀን 160 ደቂቃ ይሆናል፤ የሳምንቱ ዝቅተኛ መጠን ሞላ ማለት ነው። ከባጃጁ ጋር ሲነጻጸር የጠፋው ጊዜ በቀን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ ለመንገዱ የሚወጣው ገንዘብም ይቀንሳል። ጂም ሄዶ ልብስ መቀየር፣ መታጠብና መመለስ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎች ጉዳይ የተለየ ነው። ባጃጅ ነጂ፣ ባለሱቅ፣ ልብስ ሰፊ፣ የቢሮ ሠራተኛና ተማሪ በዚህ ይመደባሉ። የመቀመጥን ጉዳት ካሳዩት የመጀመሪያ ጥናቶች አንዱ የተሠራው በአውቶቡስ ላይ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት የለንደን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጸረ። ሁለቱም በአንድ መኪና፣ በአንድ ከተማ ይውላሉ። ሾፌሩ ግን ይቀመጣል፤ ቆራጩ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። የልብ ሕመም በቆራጮቹ ዘንድ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የባጃጅ ነጂ ረዳት የለውም፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ተራ ሲጠብቅ ግን ከመቀመጫው ወርዶ መዞር ይችላል። ባለሱቅም ደንበኛ በሌለበት ጊዜ ከወንበር ሳይደገፍ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ አያቅተውም።

በስልክ ላይ የሚቆጠረው 10,000 እርምጃ የሕክምና ሕግ አይደለም። ቁጥሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለሽያጭ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ «ማንፖ ኬ»፣ ማለትም «የ10,000 እርምጃ ቆጣሪ» ከተባለ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ በአረጋውያን ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት በቀን 7,500 አካባቢ ከተደረሰ በኋላ የሚጨመረው እርምጃ በዕድሜ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም እንዳልሆነ አሳይቷል። 4,000 የሚሄድ ሰው 6,000 ቢሄድ ትልቅ ነገር አደረገ።

ማለዳ ተነሥቶ ለመራመድ የሚወስን ሰው በጊዜ መተኛት አለበት። እንቅልፍን ቀንሶ እንቅስቃሴ መጨመር ትርፉ አነስተኛ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ የበለጠ ይርበዋልና።

ያለ ወጪ ወይም በትንሽ ወጪ

ከዚራ ለማለዳ እርምጃ የተፈጠረች ትመስላለች። መንገዶቿ እርስ በርስ ስለሚቆራረጡ አንድን አካባቢ እየዞሩ ርቀትን መቁጠር ይቻላል፤ ዛፎቹም ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ይሰጣሉ። ለእርምጃ የሚያስፈልገው ብቸኛ ወጪ እግርን የማያቆስል ጫማ ነው። በሸበጥ ለረጅም ጊዜ ፈጥኖ መራመድ ተረከዝን ያሳምማል፤ ከታይዋን ገበያ የተገዛ ተራ ስኒከርም ቢሆን ይሻላል።

ደቻቱ በደረቁ ወራት ሌላ ሜዳ ነው። በአሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ ያቋርጣል። በለስላሳ አሸዋ ላይ መራመድ በጠንካራ መሬት ላይ ከመራመድ ከሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት እንደሚጠይቅ የቤልጂግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ለክተው አሳይተዋል። አሥራ አምስት ደቂቃ በአሸዋ ግማሽ ሰዓት በአስፋልት እንደማለት ነው። ቁርጭምጭሚት ግን በቀላሉ ይታጠፋል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ መጀመር ያስፈልጋል።

ስለ ደቻቱ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ጎርፉ ከተማው ላይ ዝናብ ሳይዘንብም ከደቡብ ካሉት ተራሮች ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በሺህ የሚቆጠሩትንም ያለ ቤት አስቀርቷል። ስለሆነም በክረምትና በበልግ ወራት፣ በደንገጎ አቅጣጫ ደመና ሲታይ፣ እንዲሁም ከመሸ በኋላ በወንዙ ውስጥ እንቅስቃሴ አይደረግም።

ገመድ ዝላይ ከቦታና ከገንዘብ አንጻር የሚወዳደረው የለም። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአሥር ደቂቃ ዝላይ ከ130 ካሎሪ በላይ ያቃጥላል፤ ይህ ከ20 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ይበልጣል። ችግሩ አሥር ደቂቃ ያለማቋረጥ መዝለል የሚችል ጀማሪ አለመኖሩ ነው። ሠላሳ ሰከንድ ዘሎ ሠላሳ ሰከንድ ማረፍ፣ ይህንንም አሥር ጊዜ መደጋገም በቂ መነሻ ነው። ክብደቱ ከፍ ያለና ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን በእርምጃ ይጀምር፤ ዝላይ መገጣጠሚያን ይጫናል። ልጆች ያሉት ሰው ሰኞ ማክሰኞ በመጫወት ዝላዩንም ጨዋታውንም በአንድ ላይ ያገኘዋል።

ለጡንቻ ሥራ የጂም ዕቃ ማስፈለጉ ግዴታ አይደለም። በብዙ የኢትዮጵያ ሰፈሮች ወጣቶች የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተው በብረት ዘንግ ያያይዙታል፤ ይህ የሰፈር ጂም ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። አምስት ሊትር ውኃ አምስት ኪሎ ነው፤ መጠኑን በማጉደልና በመሙላት ክብደቱን መለወጥ ይቻላል። በሁለት እጅ ጀሪካን ይዞ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ፑሽ አፕ መሥራት (ለጀማሪ በግድግዳ ላይ ተደግፎ)፣ ጀሪካኑን ወደ ወገብ መሳብ፣ ሦስቱም በ15 ደቂቃ ያልቃሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቦኖ ተሸክማ የምትመለስ ሴት ይህን ሥራ ያለ ስም ስትሠራው ኖራለች፤ ለእርሷ «እንቅስቃሴ ጨምሪ» ብሎ መምከር ነገሩን አለማየት ነው።

ኳስ በድሬዳዋ ሥር የሰደደ ነው። የከተማዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና በተደጋጋሚ አሸንፏል፤ ዛሬም ድሬዳዋ ከተማ የሚባለው ክለብ አለ። አንድ ሰዓት ኳስ መጫወት ለ75 ኪሎ ሰው 500 ካሎሪ ገደማ ያስወጣል፤ ማንም ግን ካሎሪ ቆጥሮ ኳስ አይጫወትም። ከ35 ዓመት በላይ ሆኖ ለዓመታት ሳይጫወት የቆየ ሰው በአንድ እሑድ ከወጣቶች ጋር ገብቶ ጅማቱን እንዳይቀደድ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት በእርምጃና በዝግታ ሩጫ ቢዘጋጅ ይበጀዋል።

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገዶችን በተወሰኑ እሑዶች ከተሽከርካሪ ነጻ አድርጎ በጅምላ ስፖርት መሥራት ተጀምሯል። እንዲህ ያለው ቀን ሰውን ከቤት ያወጣል። የክብደት ጉዳይ ግን የሚወሰነው በሌሎቹ ስድስት ቀናት ነው።

ስለ መውደድ

የማይወዱትን እንቅስቃሴ ለሁለት ሳምንት ማድረግ ይቻላል፤ ለሁለት ዓመት ግን አይቻልም። ለዚህ ነው ሐኪሞች «የትኛው እንቅስቃሴ ይሻላል?» ተብለው ሲጠየቁ «የምታዘወትረው» ብለው የሚመልሱት።

በድሬዳዋ አካባቢ ለዚህ የሚሆን ሀብት ሞልቷል። የሐረርጌ ኦሮሞ ሸጎዬ፣ የሶማሌ ዳንቶ፣ እንዲሁም እስክስታ ሁሉም ትከሻን፣ ወገብንና እግርን የሚያሠሩ ጭፈራዎች ናቸው። በቤት ውስጥ በር ዘግቶ ለአራትና አምስት ዘፈን ያህል መጨፈር የ20 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነው። በአደባባይ በስፖርት ልብስ መሮጥ ለማይመቻቸው ሴቶች ይህ ጥሩ መንገድ ነው። ሌላው በቡድን መራመድ ነው። ጎረቤታሞች ሦስት አራት ሆነው ሲሄዱ ከለከፋም ከውሻም ይጠበቃሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዷ ልትቀር ስታስብ ሌሎቹ በር ያንኳኩባታል።

የሚወዱትን ነገር ከማይወዱት ጋር ማሰርም ይረዳል። ካትሪን ሚልክማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ልብ አንጠልጣይ የድምፅ መጻሕፍትን በጂም ውስጥ ብቻ እንዲያዳምጡ የተደረጉ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አብልጠው ጂም ሄደዋል። ውጤቱ ከበዓል ዕረፍት በኋላ ደብዝዟል፤ ልማድ ከተቋረጠ እንደገና መጀመር እንደሚያስፈልግ ያሳያል። የምትወደውን ትረካ፣ መንዙማ፣ መዝሙር ወይም የኳስ ወሬ በእርምጃ ሰዓት ብቻ ለማዳመጥ መወሰን የዚሁ ዘዴ የአገር ቤት መልክ ነው። መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ አንድ ጆሮ ክፍት ይሁን።

በርጫ፣ ሻይና ጣፋጭ

በድሬዳዋ ስለ ክብደት ተጽፎ ስለ ጫት ካልተጻፈ ጎደሎ ይሆናል። ጫት በውስጡ ባለው ካቲኖን የተነሣ የምግብ ፍላጎትን ለጊዜው ይዘጋል። ከዚህ ተነሥቶ «ጫት ያከሳል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን በርጫ ላይ ለሰዓታት መቀመጥ አለ፤ ምሬቱን ለማባረር ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳና ለውዝ አለ፤ ማታ ደግሞ ምርቃናው ሲለቅ ዘግይቶ የሚበላ እራት አለ። አንድ ብርጭቆ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ቢጠጣ አራት ብርጭቆ ወደ 190 ካሎሪ ይሆናል፤ ይህም ከግማሽ ሰዓት እርምጃ ትርፍ ይበልጣል። እንቅልፍ ማጣቱ ሲጨመርበት የማለዳው እርምጃም ይቀራል።

ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ቅሞ ወዲያው መሮጥ ወይም ከባድ ክብደት ማንሳት አደገኛ ነው፤ በተለይ ግፊት ላለበት ሰው። መተው ያልቻለ ሰው ቢያንስ እንቅስቃሴውን ከበርጫው በፊት፣ በማለዳ ያድርግ፤ በተቀመጠበትም ሻዩን በውኃ ወይም ስኳር በሌለው ሀሸር ይለውጥ።

ሙሸበክና ሀሊዋ የከተማዋ ኩራት ናቸው፤ ሳምቡሳም እንዲሁ። መከልከላቸው አያዋጣም። በየቀኑ ከሚበሉ ግን ለቀናቸው ቢጠበቁ ይሻላል።

ሙቀትና ውኃ

ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። ከደጋ የመጣ ተማሪ ወይም ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተለመደ ሩጫውን በግማሽ ቢቀንስ ትክክል ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ከቤት ውጭ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ አይመከርም። ላብ እንዲያወጣ ተብሎ በፕላስቲክ ወይም በወፍራም ጃኬት ተጠቅልሎ መሮጥ በወጣቶች ዘንድ ይታያል። የሚቀንሰው ስብ ሳይሆን ውኃ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ ሲጠጣ ኪሎው ይመለሳል። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ ሰውን ሊገድል የሚችል ድርጊት ነው።

ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና የእግር ቁርጠት የሙቀት ድካም ምልክቶች ናቸው፤ ጥላ ውስጥ ገብቶ ማረፍ፣ ውኃ መጠጣትና ፊትን፣ አንገትን ማርጠብ ያስፈልጋል። ሰውየው መቀባዠር ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ሰውነቱን በውኃ እያቀዘቀዙ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ግድ ነው።

በጾምና በረመዳን

ከከተማዋ ነዋሪዎች አብዛኛው ሙስሊም፣ ቀጥሎም ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ስለሆነ የዓመቱ ትልቅ ክፍል ከጾም ጋር የተያያዘ ነው። በረመዳን ቀን ውኃም ስለማይጠጣ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ በቀን አይደረግም። ሁለት አማራጮች አሉ፤ ከማፍጠሪያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀስ ያለ እርምጃ፣ ወይም ከተራዊህ ሶላት በኋላ በቀዝቃዛው ሌሊት። መስጊድ በእግር ሄዶ በእግር መመለስም ይቆጠራል። በወሩ ውስጥ ክብደት የሚጨምሩ ሰዎች የሚጨምሩት በማፍጠሪያው ጥብስና ጣፋጭ ነው።

በኦርቶዶክስ ጾም ሥጋና ወተት መቅረታቸው በራሱ አያከሳም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ዘይት የበዛበት ሽሮና ቦንቦሊኖ የጾም ምግብ ቢሆኑም ካሎሪያቸው ዝቅተኛ አይደለም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው እንቅስቃሴውን ወደ ማታ ቢያዞር ይቀልለዋል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው፣ በጾምም ይሁን ያለ ጾም፣ አዲስ እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላልና ሲራመድም ከረሜላ ወይም ጥቂት ስኳር በኪሱ ይያዝ። በእርምጃ ጊዜ ደረቱን የሚያፍነው ወይም ወደ ክንዱና ወደ መንጋጋው የሚዘልቅ ሕመም የሚሰማው ሰውም ወዲያው ቆሞ ወደ ሕክምና መሄድ ይኖርበታል።